ያገለገለ መኪና ገዢ ከሞተሩ በፊት ዋጋውን ይመርምር

በአዲስ አበባ ገበያ “መኪና ገዝቶ የከሰረ የለም” ሲባል ይሰማል። በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫው ግቢ በወጣ ዕለት ዋጋው መውረድ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ግን አምስትና ስድስት ዓመት የተነዳ መኪና ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ሆኗል። በዚህም የተነሣ ከንግዱ የተረፈው ነጋዴ፣ ከውጭ ገንዘብ የተላከለት ቤተሰብ፣ ዕቁብ የደረሰው ደመወዝተኛ ሁሉ መኪናን ከመጓጓዣነቱ ይልቅ እንደ ገንዘብ ማስቀመጫ መቁጠሩን ለምዶታል።

እንዲህ ያለው ገዢ ወደ ገበያ ሲወጣ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። “ይህ መኪና ዋጋው ለምን ይህን ያህል ሆነ?” ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መልስ ማግኘት ያለበት ጥያቄ ይኸው ነው። ለአንድ ያገለገለ መኪና ከሚከፈለው ገንዘብ ከፊሉ የብረቱ፣ ከፊሉ ደግሞ የቀረጡ፣ የምንዛሪውና የእገዳው ዋጋ ነው። ብረቱን መካኒክ ይመረምረዋል፤ ሌላውን ገዢው ራሱ ካልመረመረ የሚመረምርለት የለም።

ዋጋውን ማን ሰቀለው?

ያለፉትን ዓመታት መለስ ብሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ሲገቡ እንደ ዕድሜያቸው እየከበደ የሚሄድ ታክስ እንዲከፈልባቸው አደረገ። የታሰበው አሮጌ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ለመግታት ነበር። ይሁን እንጂ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ተተኪው ስለተወደደ አብሮ ተወደደ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለ38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲወሰን አውቶሞቢልም ከዝርዝሩ ውስጥ ገባ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዳቸውን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የ38ቱ ሸቀጦች ክልከላ ቢነሣም የነዳጅ አውቶሞቢል እገዳ ባለበት ቀረ። 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላርም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

እንግዲህ አምስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የመኪና ገበያ መሠረቱ አራት ጊዜ ተናወጠ ማለት ነው። በየጊዜው በግቢ ውስጥ ቆሞ የነበረ መኪና አንዲት ብሎን ሳይቀየርለት ዋጋው ወደ ላይ ተገፋ። ባለቤቱ መኪናው ያተረፈለት ቢመስለውም ዋጋውን ያወጣው መኪናው አልነበረም። በአዋጅና በመመሪያ የወጣ ዋጋ ደግሞ በአዋጅና በመመሪያ ሊወርድ ይችላል። ታክሱ ቢቀነስ፣ እገዳው ቢላላ፣ ወይም የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት ገብቶ ቢረክስ ዛሬ በውድ የተገዛ አሮጌ መኪና ባለበት ሊቆይ የሚችልበት ምክንያት የለም። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንደሚባለው ነው።

ትርፍ ነው የተባለውንም ቢሆን በነጋዴ ዓይን ማየት ይገባል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ መኪና በ1 ሚሊዮን ብር ገዛ እንበል። ዶላር 120 ብር በሆነበት ጊዜ ያንኑ መኪና በ1 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ሸጠ። በብር ሲቆጠር 700 ሺህ አትርፏል። በዶላር ሲሰላ ግን 17,500 ገደማ ከፍሎ 14,200 ገደማ ነው የተቀበለው። ከ3,000 ዶላር በላይ ጎድሎበታል። በመካከሉ የከፈለው የጋራዥ፣ የጎማና የመድን ወጪ ገና አልተቆጠረም። ዕቃ ሸጦ ያንኑ ዕቃ በዚያው ገንዘብ መልሶ ማስገባት ያልቻለ አስመጪ “አተረፍኩ” አይልም። በመኪና ጊዜ ብቻ ይህ ስሌት ለምን እንደሚረሳ ግራ ያጋባል።

በእርግጥ በተቃራኒው የሚከራከሩ ወገኖች ነጥብ አላቸው። ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠው ሰው የባሰ ተጎድቷል፤ መኪና የገዛው ቢያንስ ከፊሉን አድኗል ይላሉ። ይህ ላለፉት ዓመታት እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ዕቃ ካለፈው ጉዳት ማዳኑ ከሚመጣውም ያድናል ማለት አይደለም። ደግሞም ወርቅ ቢቀመጥ ነዳጅ አይጠጣም፣ ዓመታዊ ምርመራ አይጠየቅም፣ መንገድ ላይ አይጋጭም። መኪና ከዚህ ሁሉ አያመልጥም።

የዓመቱ ወጪ

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከ100 ብር አለፈ። በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትፈጅና በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና 1,200 ሊትር ትጠጣለች። በመጀመሪያው ዋጋ ይህ 57 ሺህ ብር ገደማ ነበር፤ በሁለተኛው ከ120 ሺህ ብር በላይ ነው። አሮጌ ሞተር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይፈጃል። ስለሆነም ገዢው የመግዣውን ዋጋ ብቻ ይዞ ሳይሆን የአንድ ዓመት ነዳጅ፣ የሦስተኛ ወገንና የሙሉ መድን፣ የቦሎ፣ የጎማና የጋራዥ ወጪ ደምሮ ወደ ገበያ መውጣት አለበት። ይህን ድምር በወረቀት ላይ አስፍሮ ያየ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሲጎመጅለት የከረመውን ትልቅ መኪና ትቶ አነስ ያለውን ይመርጣል።

መለዋወጫም የዚሁ ሂሳብ አካል ነው። ኮሮላና ቪትዝ ተፈላጊ የሆኑት ስላማሩ አይደለም። የትኛውም ሰፈር ያለ መካኒክ ስለሚያውቃቸውና ዕቃቸው መርካቶ ሶማሌ ተራ ስለሚገኝ ነው። በዋጋ ረክሳ የተገኘች ያልተለመደች መኪና ለአንዲት ሴንሰር ስትል ወራት ልትቆም ትችላለች። ስትሸጥም ገዢዋ ጥቂት ነው።

ወረቀቱ

የተበላሸ ካምቢዮ በገንዘብ ይጠገናል። ያረጀ ፍሪሲዮን ይቀየራል። በወረቀት በኩል የመጣ ችግር ግን ገዢውን ከመኪናውም ከገንዘቡም ሊለየው ይችላል። ስለዚህ መካኒኩ ከመጠራቱ በፊት ሊብሬው ይታይ።

መጀመሪያ የሻጩ ስምና በሊብሬው ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑ ይረጋገጥ። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥንና ስም ማዛወርን በግልጽ መጥቀሱ፣ አለመሻሩም ከውልና ማስረጃ ይጣራ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ወካዩ ውጭ አገር የሚኖር ሲሆን ይህን ማረጋገጥ ቀላል ስላልሆነ “እሱ አለ፣ ችግር የለም” በሚል ቃል ብቻ ገንዘብ መቁጠር አይገባም።

ስም ሳይዞር በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጋገሩ መኪኖችም አሉ። የስም ማዛወሪያውን ግብር ለማዳን ሲባል የሚደረግ ነው። ይሁንና ከዚህ ማዳን ሻጩም ገዢውም አይጠቀሙም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት የመኪናውን ባለቤት ኃላፊ ያደርጋል። ሸጦ የረሳው ሰው መኪናው በስሙ እንዳለ አደጋ ቢያደርስ ክሱ ወደ እርሱ ደጅ ይመጣል። በገዢው በኩል ደግሞ ሻጩ ዕዳ ቢኖርበት ባለገንዘቦቹ በስሙ ያለውን መኪና ሊያሳግዱ፣ ቢሞት ወራሾቹ ሊጠይቁ ይችላሉ። ገንዘቡን የከፈለው ሰው ያን ጊዜ ባለመኪና ሳይሆን ተከራካሪ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ዕዳና እገዳ ነው። በባንክ ብድር የተገዛ፣ ለብድር መያዣ የሆነ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ መኪና መኖሩ አዲስ አይደለም። ይህ የሚታወቀው ሻጩ በሚያሳየው ፎቶ ኮፒ ሳይሆን መኪናው በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ባለው ፋይል ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ደግሞ ቀረጡ ተከፍሎ ካላለቀ ለሌላ ሰው ማዛወሩ እንደማይቻል ማወቅና ዲክላራሲዮኑን ማየት ያስፈልጋል። ዋጋው ከገበያው በጣም የወረደ መኪና ሲገኝ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከአንዱ አይርቅም።

ሦስተኛው የትዳር ጉዳይ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 መሠረት ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ የሚንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና ሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። መኪናው በባል ስም ስለተመዘገበ ብቻ የግሉ ነው ማለት አይደለም። ያላገባ ሻጭም ያላገባ መሆኑን ማስረጃ ሊያቀርብ ይገባዋል። ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ቀርበው ቢፈርሙ የወደፊቱ ራስ ምታት ይቀራል።

አራተኛው በውል ላይ የሚሰፍረው ዋጋ ነው። ግብር ለማሳነስ ሲባል በ2 ሚሊዮን የተሸጠ መኪና በውል ላይ በግማሽ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ከሻጭ ወይም ከደላላ ይመጣል። ሕገ ወጥ መሆኑ እንዳለ ሆኖ ገዢው አንድ ነገር ያስብ። ውሉ በሆነ ምክንያት ቢፈርስ ፍርድ ቤት ይመለስለት የሚለው በውሉ ላይ የሰፈረውን ነው። ቀሪውን ለማስመስከር የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ ከተረፈው ግብር ይበልጣል። ክፍያው በባንክ በኩል ቢያልፍና ውሉ ከክፍያው ጋር ቢገጥም ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል።

ብረቱ

ሕጉ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ እንደሆነ ቢደነግግም ገዢውንም ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል። በተለይ ውሉ ላይ “አይቼ፣ መርምሬ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ” የሚል ቃል ከገባ ኋላ የሚደረገው ክርክር መንገዱ ይጠባል። ስለዚህ ምርመራው ከፊርማው በፊት ይሁን። መካኒኩም ደላላው ያመጣው ሳይሆን ገዢው ራሱ የሚያውቀውና የሚከፍለው ሰው ይሁን።

ቪትዝን ለምሳሌ እንውሰድ። ቪትዝ የሚለው ስም ቶዮታ በጃፓን ገበያ የሚጠቀምበት ነበር፤ ይኸው መኪና በአውሮፓ ያሪስ ተብሎ ነው የተሸጠው። በጃፓን ተሽከርካሪ በግራ በኩል ስለሚሄድ መሪው በቀኝ ነው። በኢትዮጵያ ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የሚነዳው በቀኝ በኩል በመሆኑ መሪው በግራ መሆን አለበት። እንግዲህ መሪዋ በግራ የሆነ ቪትዝ መሪዋ የዞረ የመሆኑ ነገር ብዙም አያጠራጥርም። ማዞሩ በደንብ የተሠራ ከሆነ መኪናዋ ለዓመታት ታገለግላለች። ካልሆነ ግን የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ ዳሽቦርዱና የመሪው ጥርስ የችግር ምንጭ ይሆናሉ፤ የአደጋ ጊዜ የአየር ከረጢቱም መሥራቱ ያጠራጥራል። ስለሆነም ቪትዝ ገዢ ሞተሩን ከማድነቁ በፊት ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ገመድ ባለሙያ አስከፍቶ ቢያሳይ ይበጀዋል።

የሻንሲና የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪኖች 17 ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት መለያ ሲኖራቸው ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ያላቸው አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ነው። “የአውሮፓ ነው” ተብሎ የተሸጠ መኪና አጭር የሻንሲ ቁጥር ይዞ ከተገኘ ሻጩ ሌላም ያልተናገረው ነገር እንዳለ መጠርጠር ነው። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተበየደ ከመሰለ ድርድሩ እዚያው ላይ ያብቃ።

አዲስ ቀለም የተቀባች መኪና ገዢውን ልታስደስተው ሳይሆን ልታስጠረጥረው ይገባል። ላሜራው ላይ ትንሽ ማግኔት ሲደረግ የማይይዝበት ቦታ ካለ ከሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው። የበሮቹ ክፍተት እኩል መሆኑ፣ በጎማ መከለያዎቹ ጠርዝ ላይ የተረፈ ቀለም አለመኖሩ በቀን ብርሃን ይታይ። የተጓዘው ኪሎ ሜትር ቁጥር በማሽን ወደ ኋላ ሊመለስ እንደሚችል ገበያው ሁሉ ያውቃል። ቆጣሪው 60 ሺህ እያለ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ካለቀ፣ መሪው ከላላና የሾፌሩ መቀመጫ ከጎበጠ መታመን ያለበት ፔዳሉ ነው።

ሞተሩ ሳይነሣ አድሮ፣ ቀዝቅዞ እያለ ይታይ። ገዢው ሲደርስ ቀድሞ የሞቀ ሞተር ችግሩን ሊደብቅ ይችላል። ከማርሚታው የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከራዲያተር ውኃ መጉደል ጋር ሲሆን የራስጌው ጓርኒሲዮን መበላሸቱን፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ያመለክታል። ከዚያም መኪናው ሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን እንደ እንጦጦ መውጫ ባለ ዳገት ላይ ይሞከር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ጤነኛ ሞተር እንኳ ጉልበቱ ይቀንሳል። የደከመ ሞተርማ ዳገት ላይ ራሱን ያጋልጣል።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና

ከእገዳው ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያው እየገባ ነው። እዚህ ላይ የመካኒኩ ጆሮ ብዙም አይጠቅምም። የመኪናው ዋጋ ትልቁ ድርሻ ባትሪው ነውና ገዢው መጠየቅ ያለበት ባትሪው ከመጀመሪያው ኃይሉ ስንት በመቶ እንደቀረው ነው። ይህ በመመርመሪያ መሣሪያ ይነበባል፤ በሻጭ ቃል አይወሰንም። የመኪናው ሆድ በድንጋይ ተመትቶ ከሆነ የባትሪው ሽፋን ተነሥቶ ይታይ።

ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የቻርጅ መሰኪያቸው የቻይና ዓይነት ስለሆነ ከአውሮፓው ይለያል፤ የስክሪኑም ቋንቋ ቻይንኛ ሊሆን ይችላል። የአምራቹ ዋስትና በግል ተገዝቶ የገባውን መኪና ተከትሎ ይመጣ እንደሆነ በጽሑፍ መታየት አለበት። “የስምንት ዓመት ዋስትና አለው” ሲባል “ዋስትናውን እዚህ አገር የሚፈጽመው ማን ነው?” ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ወጪው ከነዳጅ መኪና እንደሚያንስ እሙን ነው። ነገር ግን በየዓመቱ አዲስና የተሻለ ሞዴል የሚወጣበት ዕቃ በመሆኑ ዋጋው አይወርድም ብሎ የሚገዛው ሰው ከሁሉም ይበልጥ ይሳሳታል።

ደላላው

ያለ ደላላ ይህ ገበያ አይንቀሳቀስም። ሻጭና ገዢን የሚያገናኘው፣ የትኛው መኪና የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነው። ሆኖም ኮሚሽኑ የሚገኘው ሽያጩ ሲፈጸም መሆኑን ገዢው አይርሳ። “ሌላ ገዢ ከሰዓት በኋላ ቀብድ ይዞ ይመጣል” የሚለው ቃል ከድለላ ሥራ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ሻጩ የጠየቀውን ዋጋ ገዢው ከራሱ ከሻጩ አፍ ቢሰማ በመካከል የሚጨመረው ገንዘብ ይታወቃል። ቀብድ መስጠት የግድ ከሆነም በምን ሁኔታ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር።

ለደላሎችም ቢሆን ነገሩ ጥቅም አለው። ዕዳ ያለበትን፣ መሪው በመጥፎ የዞረን ወይም ስሙ የማይዞርን መኪና ደብቆ ያሻሻጠ ደላላ የሚያገኘው የአንድ ቀን ኮሚሽን ነው። ገዢው ተመልሶ አይመጣም፤ ወንድሙንም አያመጣም። ወረቀቱን አስቀድሞ ከመዝገብ ያጣራ፣ ጉድለቱን የተናገረ ደላላ ግን ደንበኛ ያፈራል። ገበያው በቀዘቀዘ ጊዜ ሥራ ሳይፈታ የሚቆየው ይህ ዓይነቱ ነው።

ከመፈረም በፊት

ይህ ሁሉ መኪና አትግዙ ለማለት አይደለም። ነጋዴ ዕቃውን ያመላልሳል፣ ቤተሰብ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ በሽተኛ ሌሊት ሐኪም ቤት ይደርሳል። መኪና ለዚህ ሥራ ሲገዛ ዋጋውን በየቀኑ ይከፍላል። አደጋው ያለው ቤተሰቡ ለዓመታት ያጠራቀመውን በሙሉ፣ ከዚያም አልፎ ብድር ጨምሮ፣ ወደፊት ይወደዳል በሚል ተስፋ ብቻ ብረት ላይ ሲያስር ነው።

ስለዚህ ገዢው እስክሪብቶውን ከማንሣቱ በፊት አንድ ሂሳብ ይሥራ። ይህ መኪና ከሦስት ዓመት በኋላ ዛሬ ከተገዛበት በሲሶ ዝቅ ብሎ ቢሸጥ፣ በእነዚያ ሦስት ዓመታት የሰጠው አገልግሎት ጉድለቱን ይሸፍናል ወይ? ከሸፈነ ይግዛ፤ ዋጋው ቢጨምርለትም ምርቃት ይሆንለታል። ካልሸፈነ ግን የሚገዛው መኪና ሳይሆን የሚቀጥለውን መመሪያ መገመቻ ዕጣ ነው፤ ለዕጣ ደግሞ የቤተሰብ ጥሪት አይወጣም።